የጥንካሬ ልምምድ ሲታቀድ እንቅስቃሴዎችን በምን እንመድባቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብረት መግፋት የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ደብተር ያወጣና ፕሮግራም ይጽፋል። ሰው በማሠለጥንባቸው ዓመታት ብዙ እንዲህ ያሉ ደብተሮች ገልጫለሁ። አብዛኞቹ ላይ የተጻፉት እንቅስቃሴዎች በየራሳቸው ጥሩ ናቸው፤ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚጋጭ ግን አልታሰበበትም። ከታች ያሉት ሠልጣኞቼ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የምወደውን መርጬ ብሠራ ምን ይጎድልብኛል? መመደቡ ለምን አስፈለገ?

አንድ ወጣት ደብተሩን ይዞ መጣ። በሳምንት 4 ቀን ይሠራል፤ አንድም ቀን አይቀርም። ግን ቀኝ ትከሻው ከፊት በኩል እያመመው ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) መሥራት አቅቶታል። የጻፈውን አብረን ቆጠርን፤ 14 እንቅስቃሴ ነበር። 6ቱ የደረት፣ 2ቱ የትከሻ፣ 4ቱ የክንድ፣ 1 የጀርባ፣ 1 የእግር። በእሱ ዓይን ያልተነካ የአካል ክፍል የለም።

እርሳስ ተቀበልኩትና ከእያንዳንዱ ጎን «ይገፋል» ወይም «ይስባል» ብዬ ጻፍኩ። ከ4ቱ የክንድ እንቅስቃሴዎች 2ቱ የትራይሴፕስ (ከላይኛው ክንድ በስተኋላ ያለው ጡንቻ) ስለሆኑ እነሱም ገፊ ናቸው። ከወገብ በላይ ካሉት 13 እንቅስቃሴዎች 10ሩ ገፊ፣ 3ቱ ሳቢ ሆነው ተገኙ። ከ3ቱ ደግሞ 2ቱ የባይሴፕስ (ከላይኛው ክንድ በስተፊት ያለው ጡንቻ) ናቸውና ትከሻን ወደ ኋላ የሚስበው አንድ ሮው (ክብደትን ወደ ገላ መሳብ) ብቻ ነበር። ልጁ ገጹን እያየ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። የትከሻው ሕመም የመጣው ከዚህ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሐኪም እንዲያየው ላክነው። ፕሮግራሙ ግን ሚዛን እንደሌለው ማንም ሳይነግረው በዓይኑ አየ። መመደብ የሚሰጠው ጥቅም ይኼ ነው፤ የበዛውንና የጎደለውን ያሳያል።

ስንት ዓይነት አመዳደብ አለ?

ብዙ ነው። በጡንቻ መመደብ ይቻላል፤ ደረት፣ ጀርባ፣ እግር እየተባለ። በሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያ ብዛትም ይቻላል፤ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ብዙ መገጣጠሚያ ያንቀሳቅሳል፣ ከርል (ክብደት ይዞ ክንድን ማጠፍ) ክርንን ብቻ። በመሣሪያ ይመደባል፤ ባርቤል (በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም ብረት)፣ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት)፣ ማሽን፣ የራስ ክብደት። በዕለቱ ልምምድ ውስጥ ባለው ቦታም ይመደባል፤ ዋና፣ ረዳት፣ ማሟያ። በእንቅስቃሴው ዓይነት፣ ማለትም ገላ በሚያደርገው ነገር፣ መመደብም አለ። እነዚህ እርስ በርስ አይጣሉም፤ እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ አንድ ፕሮግራም ሁለቱን ወይም ሦስቱን ደርቦ ሊጠቀም ይችላል።

እንግዲያው ከየትኛው ልጀምር?

በእንቅስቃሴ ዓይነት ጀምሩ። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል። እኔ የምጠቀምባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉንም ደግሞ ጂም ሳትገቡ ታውቋቸዋላችሁ።

የመጀመሪያው ቁጢጥ ማለት ነው። ጉልበትና ዳሌ አብረው ይታጠፋሉ፣ ደረት ቀና እንዳለ ይወርዳል። ስኳት፣ ዳምቤል ደረት ላይ ታቅፎ የሚሠራው ጎብሌት ስኳት፣ ማሽን በእግር የሚገፋበት ሌግ ፕሬስ እዚህ ይገባሉ።

ሁለተኛው ከዳሌ መታጠፍ ነው። ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚቸገሩበትም እሱ ነው። መቀመጫ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጉልበት በትንሹ ብቻ ይታጠፋል፣ ጀርባ አይጎብጥም። ዴድ ሊፍት (ብረትን ከመሬት አንስቶ ቀና ማለት)፣ ሮማኒያን ዴድ ሊፍት (ከቆሙበት ብረቱን እስከ ቅልጥም አውርዶ መመለስ)፣ ሂፕ ትረስት (ጀርባን አግዳሚ ላይ አስደግፎ ዳሌን ወደ ላይ መግፋት)። ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ስታነሡ የምትሠሩት ይህንኑ ነው። ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ለወንዶች ውድድር የሚያገለግለው ባዶ ባርቤልም ልክ 20 ኪሎ ነው፣ የሴቶቹ 15። በየቀኑ ጀሪካን የሚያነሱ እናቶች «ባርቤል ለእኔ ይከብዳል» ሲሉኝ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ሦስተኛው በአንድ እግር የሚሠራው ነው፤ ላንጅ (አንድ እግር ወደ ፊት ተራምዶ ዝቅ ማለት)፣ ደረጃ ላይ መውጣት፣ የኋላ እግር ወንበር ላይ ተሰቅሎ የሚሠራው ቡልጋሪያን ስኳት። በሁለት እግር ስንሠራ ጠንካራው እግር ደካማውን ይሸፍንለታል፤ እዚህ ግን መሸፋፈን የለም።

ከወገብ በላይ አራት አሉ፤ ሁለት መግፋትና ሁለት መሳብ። ወደ ፊት መግፋት ቤንች ፕሬስና ፑሽ አፕ ነው። ተቃራኒው ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ሮው በየዓይነቱ። ወደ ላይ መግፋት ብረትን ከትከሻ ወደ ጣሪያ ማንሳት ሲሆን ተቃራኒው ከላይ ወደ ታች መሳብ፣ ማለትም ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ማንሳት) እና ላት ፑልዳውን (ተቀምጦ የማሽን ዘንግን ከላይ ወደ ደረት መሳብ) ነው። እነዚህን በጥንድ በጥንድ ጻፏቸው፤ አንዱ ሲጎድል ወዲያው ይታያል።

ስምንተኛው መሸከም ነው። ሁለት ከባድ ዳምቤል ይዞ ቀና ብሎ መራመድ። ገበያ ላይ ኩንታል ተሸክሞ የሚያወርድ ሰው አንገቱ፣ ወገቡና እግሩ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሠሩ ልብ ብላችሁ እዩ፤ በማሽን የማይገኝ ጥንካሬ ነው። ዘጠነኛው ወገብን ማጽናት ነው፤ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ገላን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ የጎን ፕላንክ፣ ኬብል ወደ ጎን ሲስብ ሳይዞሩ መቆም። ሆድን እያጠፉና እየዘረጉ መቁጠርም ክፉ አይደለም። ሆኖም የሆድ ጡንቻ ትልቁ ሥራው አከርካሪ ከአቅሙ በላይ እንዳይለጠጥና እንዳይጠመዘዝ መያዝ ስለሆነ ለዚያ ቅድሚያ እሰጣለሁ።

ዴድ ሊፍት የእግር ቀን ነው ወይስ የጀርባ ቀን?

ጥያቄው የሚነሳው ሳምንቱ «የደረት ቀን፣ የጀርባ ቀን፣ የእግር ቀን» ተብሎ ሲከፈል ነው። ዴድ ሊፍት ላይ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው በዋናነት ዳሌ ነው፤ ብዙው ኃይል የሚመጣው ከመቀመጫና ከጭን ኋላ ጡንቻዎች ነው። የጀርባ ጡንቻዎች ደግሞ አከርካሪን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፤ እምብዛም ሳይንቀሳቀሱ እጅግ ይደክማሉ። ስለዚህ የእግርም የጀርባም ነው ማለት ትክክል ነው፤ ቀን ለመምረጥ ግን አይረዳም። የሚረዳው «ከዴድ ሊፍት በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ወገቤን የሚያደክም ሌላ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሰኞ ከባድ ስኳት፣ ማክሰኞ ጎንበስ ተብሎ የሚሠራ ባርቤል ሮው፣ ረቡዕ ዴድ ሊፍት የሚል ፕሮግራም አስቡ። ወረቀት ላይ እግር፣ ጀርባ፣ እግር ነው፤ የተራራቀ ይመስላል። ለታችኛው ወገብ ግን ሦስት ተከታታይ ከባድ ቀን ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ይህንኑ 2 ወር ያህል ሠርቻለሁ። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ለማሰር ወገቤ አልታጠፍ ይለኝ ነበር። ያኔ መፍትሔ የመሰለኝ ተጨማሪ የወገብ ልምምድ ማከል ነበር፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። የተሻለኝ ስኳትንና ዴድ ሊፍትን በሁለት ቀን ሳራርቃቸውና ሮውን ደረቴን ዘንበል ያለ አግዳሚ ላይ አስተኝቼ በዳምቤል መሥራት ስጀምር ነው። ሮው አሁንም ሮው ነው፣ ምድቡ አልተቀየረም፤ ወገብ ግን አረፈ።

አግዳሚው ከፍ ሲል ምድቡም ይለወጣል? ኢንክላይን ቤንች (አግዳሚው በራስ በኩል ከፍ ብሎ የሚሠራው) የት ይጻፍ?

አዎ፣ ማዕዘን ምድብን ይለውጣል። የክብደት ማንሳት ስፖርት ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ድረስ ውድድሩ 3 አነሳስ ነበረው፤ ፕሬስ፣ ስናች (ብረትን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳት)፣ ክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከራስ በላይ ማንሳት)። ፕሬስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ብረትን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት ነበር። እያደር ግን አትሌቶቹ ወገባቸውን ወደ ኋላ እየለጠጡ በደረታቸው ጭምር መግፋት ጀመሩ። የቱ ሕጋዊ፣ የቱ ከሕግ ውጭ እንደሆነ መዳኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ከሙኒክ በኋላ ፕሬስ ከውድድሩ ወጣ፤ እስከ ዛሬም 2 አነሳስ ብቻ ነው ያለው።

ጂም ውስጥ የትከሻ ፕሬስ ከብዶት ወደ ኋላ የሚለጠጥ ሰው የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ደብተሩ «ወደ ላይ መግፋት» ይላል፤ ገላው ወደ ፊት ይገፋል፤ ወገቡም ዋጋውን ይከፍላል። እኔ አግዳሚው እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ከሆነ ወደ ፊት መግፋት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ መግፋት ብዬ እመዘግባለሁ። ሌላ አሰልጣኝ ሌላ ልክ ሊያወጣ ይችላል፤ ዋናው በአንድ ልክ መጽናት ነው።

ዋና፣ ረዳትና ማሟያ የሚባሉት እንዴት ይለያሉ?

ይህ አመዳደብ ስለ ቅደም ተከተልና ስለ ድካም ነው። ዋናው በዕለቱ መጀመሪያ፣ ማሟሟቂያው እንዳለቀ፣ አእምሮም ጡንቻም ትኩስ ሳለ የሚሠራው ነው። ስኳት፣ ዴድ ሊፍት፣ ቤንች፣ ወደ ላይ መግፋት ለዚህ ይመቻሉ፤ ክብደታቸው በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ለረጅም ጊዜ መሄድ ይችላል። ከ3 እስከ 6 ድግግሞሽ (ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራው ብዛት፤ እሱ ሲያልቅ አንድ ዙር ይባላል)፣ በዙሮች መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን አነሳሱ እስኪገባችሁ ከ8 እስከ 10 ድግግሞሽ በቀላል ክብደት ሥሩ።

ረዳቱ ዋናውን የሚያግዝ ነው፤ ለምሳሌ ከስኳት ቀጥሎ ቡልጋሪያን ስኳት፣ ከ6 እስከ 12 ድግግሞሽ። ማሟያው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ከርል፣ ትራይሴፕስ፣ ባት፣ ከ10 እስከ 20 ድግግሞሽ። እዚህ ላይ ዕረፍቱ አንድ ደቂቃ ቢሆንም ይበቃል። ስህተት የምለው አንድ ነገር አለ፤ ባይሴፕስን ጨርሶ አድክሞ ወደ ፑል አፕ መሄድ። ክንድ ቀድሞ ይዝላል፣ ጀርባ የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል።

የጭን ኋላ ጡንቻ በሮማኒያን ዴድ ሊፍት ከሠራ፣ ሌግ ከርል ለምን ያስፈልገኛል?

ይህ ጡንቻ ዳሌንም ጉልበትንም የሚሻገር ስለሆነ ሁለት ሥራ አለው፤ ዳሌን መዘርጋትና ጉልበትን ማጠፍ። ከዳሌ የመታጠፍ ምድብ የመጀመሪያውን ብቻ ይሸፍናል። ሁለተኛውን የሚያገኘው በሌግ ከርል (በማሽን ተረከዝን ወደ መቀመጫ ማጠፍ) ነው። ማሽን ከሌለ ወለሉ ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ ተረከዝን ፎጣ ላይ አድርጎ፣ መቀመጫን አንስቶ እግርን ወደ ራስ መጎተት ይቻላል። ሴራሚክ ወለል ላይ ሞክሩት፤ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

በሳምንት 3 ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ዘጠኙ ምድብ እንዴት ይገባል?

በደንብ ይገባል። ሰኞ ስኳት፣ ቤንች ወይም ፑሽ አፕ፣ ሮው፣ በመጨረሻም ፕላንክ። ረቡዕ ሮማኒያን ዴድ ሊፍት፣ ወደ ላይ መግፋት፣ ፑል አፕ ወይም ላት ፑልዳውን፣ ከዚያ ዳምቤል ተሸክሞ መራመድ። ዓርብ ላንጅ፣ ሂፕ ትረስት፣ ዳምቤል ቤንች፣ በአንድ እጅ ሮው፤ ጊዜ ከተረፈ ባይሴፕስና ባት። ለእያንዳንዱ 3 ዙር ስጡት፤ ከማሟሟቂያው ጋር ከ1 ሰዓት ብዙም አያልፍም።

2 ቀን ብቻ ካላችሁ የሰኞውንና የረቡዑን ሥሩ፤ ሰኞ ላይ ላንጅን ከፕላንኩ በፊት አስገቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ዋና ዋና ጡንቻዎችን ሁሉ የሚያሳትፍ ማጠንከሪያ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ይመክራል። ስለዚህ 2 ቀን ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ለእያንዳንዱ ምድብ በሳምንት ስንት ዙር ይበቃል?

ለጀማሪ ከ3 እስከ 6። ከወራት በኋላ ጡንቻ ማሳደግ ለሚፈልግ ወደ 10 አካባቢ። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ የሚያስኬድ አቅም ይቅርላችሁ። ስትቆጥሩ ሮውና ፑል አፕ ባይሴፕስንም እንደሚያሠሩ አትርሱ፤ እኔ ለባይሴፕስ እንደ ግማሽ ዙር እቆጥራቸዋለሁ።

ሯጭ ነኝ። ለእኔም ይኸው አመዳደብ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን አንድ ተጨማሪ መስፈርት ያስፈልጋችኋል፤ እንቅስቃሴው ለሩጫ ምን ያህል ይቀርባል የሚል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በመዶሻ ውርወራ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው የሶቪየት ኅብረቱ አናቶሊ ቦንዳርቹክ ያዘጋጀው አመዳደብ አለ። ኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ያሠለጠነው ዩሪ ሴዲክ እ.ኤ.አ. በ1986 ሽቱትጋርት ላይ የወረወረው 86.74 ሜትር እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ቦንዳርቹክ እንቅስቃሴን በአራት ይከፍላል፤ ውድድሩ ራሱ፣ የውድድሩን እንቅስቃሴ ከፍሎ ወይም አክብዶ የሚሠራ፣ ያንኑ ጡንቻ በሌላ እንቅስቃሴ የሚያሠራ፣ እና አጠቃላይ የገላ ማጠንከሪያ።

ወደ ሩጫ ስናመጣው፣ የመጀመሪያው በውድድር ፍጥነት መሮጥ ነው። ሁለተኛው ዳገት ነው፤ እንጦጦን ሽቅብ የሚሮጥ ሰው ያንኑ እርምጃ አክብዶ እየሠራ ነው። ሦስተኛው በአንድ እግር ባት ማንሳት፣ ቡልጋሪያን ስኳት፣ ሮማኒያን ዴድ ሊፍት። አራተኛው ፑሽ አፕ፣ ሮውና ፕላንክ። ውድድር ሲርቅ ከታችኞቹ ሁለቱ ይበዛል፤ ሲቃረብ እነሱ እየቀነሱ የላይኞቹ ይጠነክራሉ። ሯጮች ክብደት ሲያነሱ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ባትን ነው። ጉልበትን ዘርግቶም አጥፎም ቢሠራ እመክራለሁ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ከሥር ያለው ሶሊየስ የተባለው ጡንቻ ይበልጥ ይሠራል።

ጂም የለኝም። ቤት ውስጥ የትኛው ምድብ ይቸግረኛል?

መሳብ። መግፋት በፑሽ አፕ ይሞላል፣ ቁጢጥ በራስ ክብደት ይጀመራል፣ መሸከም በጀሪካን ይሆናል። የሚሳብ ነገር ግን ቤት ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን ከእሱ ጀምራችሁ አቅዱ። የሚችል ቦርሳ ውስጥ አሸዋ ወይም እህል ሞልቶ፣ አንድ እጅ ወንበር ላይ ደግፎ በሌላው መሳብ ጥሩ ሮው ነው። ለፑል አፕ በሁለት ጠንካራ ግድግዳ መካከል የተበየደ ብረት ይበቃል።

በየሰፈሩ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ ቆርቆሮ አድርገው ሲሚንቶ ሞልተው ብረት የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ አደንቃቸዋለሁ። ባለ 4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ በጠጠርና በሲሚንቶ ሲሞላ ወደ 9 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ሁለቱን ወገን ለየብቻ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ እኩል መሆናቸውን ሳታረጋግጡ ቧንቧው ላይ እንዳትሰኳቸው፤ የአንድ ኪሎ ልዩነት እንኳ ወገብን ያዘነብላል።

ለ65 ዓመት እናቴ ሌላ ምድብ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ ምድቡ አንድ ነው፣ ደረጃው ይለያል። ቁጢጥ ማለት ከወንበር ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ ይሆናል። መግፋት ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ መሳብ በላስቲክ፣ መሸከም ደግሞ በሁለት እጅ እኩል የተሞላ ዘንቢል ይዞ ግቢውን መዞር። በአንድ እግር የሚለው ምድብ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ይሆናል፤ ይህን ፈጽሞ አትዝለሉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሚዛን መጠበቅንና ጥንካሬን ያካተተ ልምምድ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ይመክራል። ደም ግፊት ካለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ሲያነሱም ትንፋሽ አይያዙ፣ በሚከብደው ጊዜ እያስወጡ ይሥሩ።

በዐቢይ ጾም ፕሮግራሙን ልተው?

አትተዉ። ማሟያውን ቀንሱ፣ ረዳቱን በአንድ ዙር አሳጥሩ፣ የዋናውን ክብደት ግን ለማቆየት ሞክሩ፤ ጥንካሬ ከማግኘት ይልቅ ማቆየት ቀላል ነው። ከተቻለ ልምምዱን መብላት በሚፈቀድበት ሰዓት አቅራቢያ አድርጉት፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው በዛ ይበል።

አንዱ እንቅስቃሴ ሲያመኝ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ከዚያው ምድብ ሌላ ምረጡ። ባርቤል ቤንች ትከሻን ካመመ በዳምቤል መዳፍን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ወይም ወለል ላይ ተኝቶ መግፋት ይሞከራል፤ ወለሉ ክርን ከልክ በላይ እንዳይወርድ ያቆመዋል። ስኳት ጉልበትን ካመመ አግዳሚ ላይ እስከ መቀመጥ ብቻ መውረድ ይበቃል። ያም ካመመ ምድቡን ለጥቂት ሳምንታት ተዉትና በሌሎቹ ቀጥሉ።

የሚወጋ ሕመም፣ ወደ እግር ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ መደንዘዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከሆነ ግን ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ትከሻዬን ያመኛል» ከማለት «ወደ ላይ ስገፋ ያመኛል፣ ወደ ፊት ስገፋና ስስብ አያመኝም» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ነገር ይነግረዋል።